ሰው በምን ይመዘናል? ይድነቃቸው ተሰማና የእኛ ሰፈር ልጅ

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት መርካቶ፣ አንዋር መስጊድ አካባቢ አንዲት ሻይ ቤት ቁጭ ብለን እንደ ዘመኑ ወግ ሁላችንም ስልካችን ላይ አቀርቅረን ነበር። ጓደኛዬ የአሜሪካ ፉትቦል ቪዲዮ ከፍቶ ድራፍቱ እየደረሰ ነው አለኝ። አጠገባችን የተቀመጡ አንድ አባት ድራፍት የሚለውን ቃል ሰምተው ሻይ ቤት ውስጥ የምን ቢራ ነው የምታወሩት ብለው ቆጣ አሉብን። ሳቅን። ከዚያ ለእሳቸውም ነገሩን አስረዳናቸው።

ለማታውቁት ለእናንተም ላስረዳ። ድራፍት ማለት 32ቱ የአሜሪካ ፉትቦል ክለቦች ከዩኒቨርሲቲ የሚመጡ ወጣት ተጫዋቾችን በ7 ዙር ተራ በተራ የሚመርጡበት ሥርዓት ነው። ጓደኛዬ የሚከታተለው ታይት ኤንድ የሚባለውን ቦታ ነው። ታይት ኤንድ ሁለት ሥራ አለበት። አንዴ እንደ ግንብ ቆሞ ተጋጣሚን ያግዳል፣ አንዴ ደግሞ ሮጦ ኳስ ይቀበላል። ሁለቱንም የሚችል ሰው ማግኘት ስለሚከብድ መልማዮች የማይለኩት ነገር የለም። ቁመት፣ ክብደት፣ የክንድ ርዝመት፣ የመዳፍ ስፋት፣ የ40 ያርድ ሩጫ (36 ሜትር ተኩል ገደማ ነው)፣ ወደ ላይ የሚዘለው ከፍታ፣ ሁሉም ይመዘገባል።

ታዲያ ይሄ ሁሉ ሜትርና ሚዛን እያለ በ2003 እ.ኤ.አ. አንቶኒዮ ጌትስ የሚባል ልጅ በ7ቱም ዙር ማንም ሳይመርጠው ቀረ። በዩኒቨርሲቲ ይጫወት የነበረው ቅርጫት ኳስ ነበር። በኋላ አንድ ክለብ ያለ ድራፍት አስፈረመው፣ በታይት ኤንድ ቦታ ከታሪክ ምርጦች አንዱ ሆነ፣ በ2025 ደግሞ ስሙ የታላላቆች መዝገብ ውስጥ ገባ። 32 ክለቦች፣ ያ ሁሉ ባለሙያ፣ ያ ሁሉ ቁጥር እያለ ልጁ አልታያቸውም።

መርካቶ ላደገ ሰው ይሄ አይገርምም። የሰልቫጅ ነጋዴ የታሰረ ቦንዳ ሲገዛ ውስጡን አያይም። ክብደቱን ያውቃል፣ ከየት እንደመጣ ይነገረዋል፣ የቀረው የዕድል ነገር ነው። ሲፈታ ወይ ይስቃል ወይ ያለቅሳል። በተማርኩት ኢኮኖሚክስ ይሄ የመረጃ አለመመጣጠን ይባላል፤ ሻጭ የሚያውቀውን ገዢ አያውቅም። በልጆች ላይ ሲሆን ግን ይብሳል፤ ልጁ ራሱ እንኳ ውስጡ ያለውን ገና አያውቀውም።

ይሄን ሁሉ የማወራው በምክንያት ነው። የጎረቤታችን ልጅ 14 ዓመቱ ነው። እናቱ ቅመም ትሸጣለች፣ እሱ ጠዋት ዕቃ ያወጣላታል፣ ማታ ያስገባላታል፣ በመሀል ኳስ ነው። በቅርቡ ሙከራ አለ ተብሎ ማልዶ ሄደ። ሰልፍ አስያዟቸው፣ አጭር የሆኑትን በእጃቸው እየጠቆሙ አወጧቸው። ኳስ ሳይነካ ተመለሰ። ምን ሆነህ ነው ስለው አጠርኩ ብቻ ነው ያለኝ። እኔም የምለው አጣሁ።

ያኔ ነው አንድ ሰው ትዝ ያሉኝ። ሰው በምን ይመዘናል የሚለውን ጥያቄ ዕድሜያቸውን ሙሉ ተሸክመው የኖሩ ሰው፤ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ።

የነጋድራሱ ልጅ

ይድነቃቸው የተወለዱት ጅማ ውስጥ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. ነው። አዎ፣ በእንቁጣጣሽ። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። የድሮ ዘፈን የምትወዱ ስማቸውን ሳትሰሙ አትቀሩም። በአፄ ምኒልክ ዘመን ጀርመን ሄደው በ1900 ዓ.ም. ገደማ ድምፃቸውን ሸክላ ላይ ያስቀረጹ፣ በዚህም ቀዳሚ ከሚባሉት ኢትዮጵያውያን አንዱ የሆኑ ገጣሚና ዘፋኝ ነበሩ።

ማዕረጋቸውን ልብ በሉልኝ። ነጋድራስ ማለት የነጋዴዎች አለቃ ነው። በዚያ ዘመን ነጋድራስ ገበያውን ይቆጣጠር፣ ቀረጥ ይሰበስብ፣ ነጋዴዎች ሲጣሉ ይዳኝ ነበር። ዛሬ በመርካቶ ቋንቋ ብንናገረው ሚዛኑ ትክክል መሆኑን የሚያይ ሰው ነው። ልጃቸው በኋላ ሌላ ዓይነት ገበያ ውስጥ ገብተው የሌላ ሚዛን ተቆጣጣሪ ይሆናሉ ብሎ ያኔ ማን ያስብ ነበር?

ገበያውም ክለቡም ሲገፉ

አሁን ወደ አራዳ እንሂድ። የጥንቱ የአዲስ አበባ ትልቅ ገበያ የነበረው እዚያ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ነው። በዚያው ሰፈር በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ጆርጅ ዱካስና አየለ አትናሽ የሚባሉ ወጣቶች አንድ የእግር ኳስ ቡድን መሠረቱ። ስሙን ከቤተ ክርስቲያኑ ወሰዱ፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ። ይድነቃቸውም ገና በልጅነታቸው ይሄን ማልያ ለበሱ፣ ከ20 ዓመት በላይም አላወለቁትም።

ጊዜውን አስቡት። ቡድኑ ሲቋቋም የጣሊያን ጦር ድንበር ካለፈ ወራት ሆኖታል። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተያዘች። ይድነቃቸው ያኔ 15 ዓመት እንኳ አልሞላቸውም፤ ልክ እንደ እኛ ሰፈር ልጅ።

ፋሺስቶቹ ከተማዋን ለሁለት ሊከፍሏት ፈለጉ፤ አንዱ ለነጭ፣ አንዱ ለሐበሻ። የአራዳው ገበያ ለአውሮፓውያን ከታሰበው ክፍል ጋር አልሄደላቸውም። ስለዚህ የኢትዮጵያውያኑን ገበያ ወደ ምዕራብ ገፉት። አዲሱ ቦታ በጣሊያንኛ ገበያ በሚለው ቃል ተጠራ፤ መርካቶ። አካባቢው ደግሞ አዲስ ከተማ ተባለ። በየቀኑ የምንረግጠው፣ የምንኮራበት፣ እንጀራችን የሆነው ሰፈር አነሳሱ ይሄ ነው። ሰውን በቆዳው መዝኖ የለየ ዕቅድ ነው የፈጠረው። ሕዝቡ ግን የተሰጠውን ቦታ ተቀብሎ፣ ሠርቶበት፣ የአገሪቱ ትልቁ ገበያ አደረገው።

እግር ኳሱም ከዚሁ ዕቅድ አላመለጠም። ኢትዮጵያውያን ከጣሊያኖች ጋር በአንድ ውድድር እንዳይጫወቱ ተደረገ፣ ለብቻቸው የተለየ ውድድር ተዘጋጀላቸው። የክለቦችም ስም ተቀየረ። ቅዱስ ጊዮርጊስ የሚለው ስም ተነስቶ ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር ተባለ። ሊቶሪዮ የፋሺስቶቹ ምልክት መጠሪያ ነው። አንድ የአራዳ ልጅ ኳስ ለመጫወት የገዢዎቹን ምልክት ስም መሸከም ነበረበት ማለት ነው።

ይድነቃቸው ኳስ የተማሩት በዚህ ዓለም ውስጥ ነው። የፈለገውን ያህል ብትችል፣ አስር ሰው አታለህ ብታልፍ፣ ከማን ጋር መጫወት እንደምትችል የሚወስነው እግርህ አይደለም። ሚዛኑ ገና ሳትነሳ ተበላሽቷል። በእኔ እምነት ከዚያ በኋላ በሕይወታቸው የሠሩትን ነገር ሁሉ ለመረዳት ከዚህ መጀመር ያስፈልጋል።

የአምስቱ ቡድኖች ሜዳ

በ1933 ዓ.ም. ጠላት ወጣ። በ1935 ዓ.ም. የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ተመሠረተ። ይድነቃቸው በአንድ በኩል ተጫዋች፣ በሌላ በኩል የአገሪቱን ስፖርት ከሥር ጀምሮ ካደራጁት ሰዎች አንዱ ሆኑ። በ1936 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የተደረገው ሻምፒዮና ላይ የተሳተፉት አምስት ቡድኖች ነበሩ። የኢትዮጵያውያኑ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሊምፒያኮስ እና የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን። ዋንጫውን የወሰዱት እንግሊዞቹ ናቸው።

እስቲ አስቡት። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከጣሊያን ጋር አንድ ሜዳ መርገጥ የተከለከለው ልጅ አሁን ከጣሊያኖቹ ቡድን ጋር በእኩል ዳኛ፣ በእኩል ሕግ ይጫወታል። ይድነቃቸው በቀል ፈልገው ጣሊያኖቹ ይውጡልን አላሉም። እኔ ከሳቸው የምወደው አንዱ ነገር ይሄ ነው። ሚዛኑን ወደ ራሳቸው ጎን ማዘንበል ሳይሆን ማስተካከል ነው የፈለጉት። ጊዮርጊስም ቢሆን ዋንጫ ለማንሳት ጊዜ ወስዶበታል፤ እስከ 1942 ዓ.ም. ጠብቋል።

እዚህ ላይ ጓደኛዬ የሚወደውን ቦታ ልጠቀምና፣ ይድነቃቸው የእኛ ታይት ኤንድ ነበሩ ብል ማጋነን አይሆንም። ሜዳ ላይ ይጫወታሉ፣ ከሜዳ ውጪ ያደራጃሉ፣ በኋላም ያሠለጥናሉ፣ ስብሰባ ላይ ደግሞ እንደ ግንብ ቆመው ያግዳሉ። እንዲህ ያለውን ሰው በአንድ ቁጥር የሚለካው መልማይ የለም።

ካርቱም ላይ የተነሳው ጥያቄ

የካቲት 1 ቀን 1949 ዓ.ም. ካርቱም ውስጥ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ተመሠረተ። መሥራቾቹ አራት አገሮች ናቸው፤ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ። አቶ ይድነቃቸው ከኮንፌዴሬሽኑ መሥራች አባቶች አንዱ ተብለው ይቆጠራሉ። በዚያው ሳምንት የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ተጀመረ።

በዕጣው መሠረት ኢትዮጵያ በግማሽ ፍጻሜ የምትገጥመው ደቡብ አፍሪካን ነበር። ነገር ግን የአፓርታይዱ መንግሥት ድብልቅ ቡድን አልልክም አለ። ወይ ነጭ ብቻ፣ ወይ ጥቁር ብቻ። መልማዩ ገና ኳስ ሳይታይ በቆዳ መርጧል ማለት ነው። ይድነቃቸው ይሄን ከሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር ዘመን ጀምረው ያውቁታል። ደቡብ አፍሪካ ከውድድሩ ውጪ ሆነች።

ኢትዮጵያ ሳትጫወት ለፍጻሜ አለፈች። ፍጻሜው ላይ ግን ግብፅ 4 ለ 0 አሸነፈችን፣ አራቱንም ጎል አድ ዲባ የሚባል አንድ ሰው ነው ያገባው። እኔ ይሄን ውጤት እንደ ትምህርት ነው የማየው። ትክክል መሆን አንድ ነገር ነው፣ ጠንካራ መሆን ሌላ ነገር ነው። በአቋምህ ስላሸነፍክ ሜዳ ላይ አይራሩልህም። የሚችሉ ልጆችን ፈልጎ ማግኘት የግድ ነው።

ጥምቀት በዋለ በሦስተኛው ቀን

አምስት ዓመት አለፈ። በጥር 1954 ዓ.ም. ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ ተዘጋጀ። የኢትዮጵያ አሠልጣኝ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ።

አሁን የመልማይነት ጥያቄው ወደሳቸው እጅ መጣ። ያኔ የመሮጫ ሰንሰለት ይዞ የሚለካ፣ ቪዲዮ የሚመረምር፣ ኮምፒውተር ላይ ቁጥር የሚደምር ሰው የለም። ያለው ዓይን ነው። የዚያን ቡድን ዝርዝር ስታዩ ግን አንድ ነገር ይገባችኋል፤ ሰፈር አልመረጠም፣ ዘር አልመረጠም፣ የአባት ስም አልመረጠም።

ያኔ ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ነበረች፣ አስመራም የኳስ ከተማ ነበረች። ከቡድኑ ብዙዎቹ ልጆች ከዚያ የመጡ ናቸው። ከአዲስ አበባ የቅዱስ ጊዮርጊሱ መንግሥቱ ወርቁ አለ። ግርማ ተክሌ አለ። ጌታቸው ወልዴ አለ። አዋድ መሐመድ አለ። በረኛው ጊላሚካኤል ተክለማርያም ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሁለቱ ወንድማማቾች አሉ፤ ሉቺያኖ ቫሳሎና ኢታሎ ቫሳሎ። አባታቸው ጣሊያን፣ እናታቸው ኤርትራዊት። አምበሉ ሉቺያኖ ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም በሉ። ፋሺስቶቹ በ1932 ዓ.ም. ባወጡት ሕግ ከጣሊያን አባትና ከአገሬው እናት የሚወለድን ልጅ አባቱ ልጄ ብሎ እንዳይቀበለው ከልክለው ነበር። በዚያ ሚዛን ሉቺያኖም ኢታሎም ዋጋ የላቸውም። አሠልጣኙ ደግሞ በዚያው ሥርዓት ክለባቸው ስሙን የተነጠቀባቸው ሰው ናቸው። በእሳቸው ቡድን ውስጥ ግን የጣሊያን ስም ያለው ልጅ የአምበሉን ሪባን ክንዱ ላይ አስሮ ኢትዮጵያን እየመራ ወደ ሜዳ ገባ። ለእኔ ከዋንጫው እኩል የሚበልጠኝ ይሄ ነው።

ኢትዮጵያ በግማሽ ፍጻሜ ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸነፈች። ፍጻሜው እሑድ ጥር 13 ቀን፣ ጥምቀት በዋለ በሦስተኛው ቀን፣ ያኔ በንጉሠ ነገሥቱ ስም በሚጠራው ስታዲየም ሆነ። ተጋጣሚዋ ያቺው ግብፅ፣ ከአምስት ዓመት በፊት 4 ለ 0 የቀጣችን።

በ35ኛው ደቂቃ ግብፃዊው በደዊ አገባ። ከእረፍት መልስ ሰዓቱ እየነጎደ ሄደ። በ74ኛው ደቂቃ ግርማ ተክሌ አቻ አደረገ። ደስታው ሳያልቅ በ75ኛው በደዊ ደገመ። ብዙ ቡድን እዚህ ላይ ይሰበራል። በ84ኛው ደቂቃ አምበሉ ሉቺያኖ አገባ፣ 2 ለ 2። ጭማሪ ሰዓት ተሰጠ። በ101ኛው ደቂቃ ታናሽየው ኢታሎ፣ በ117ኛው መንግሥቱ ወርቁ። አለቀ፤ 4 ለ 2። ሉቺያኖ ዋንጫውን ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ።

አራቱን ጎሎች ያገቡትን ስሞች አንድ ላይ አንብቧቸው፤ ግርማ፣ ሉቺያኖ፣ ኢታሎ፣ መንግሥቱ። አንዱን በስሙ ወይም በአባቱ ምክንያት ብናስቀረው ኖሮ ዋንጫው የግብፅ ነበር። ኢኮኖሚስቶች አድልዎ ራሱን አድሎኛውን ያከስረዋል የሚሉት ነገር አለ። ከዚህ የተሻለ ምሳሌ እስካሁን አላገኘሁም።

የሌለንበት ዓለም ዋንጫ

ከዚያ በኋላ የይድነቃቸው ሜዳ ሰፋ። ለ1966ቱ እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ዓለም ዋንጫ ፊፋ ለአፍሪካ አንድ ሙሉ ቦታ እንኳ አልሰጠም። የአፍሪካው አሸናፊ ከእስያው አሸናፊ ጋር ተጋጥሞ ነው የሚያልፈው። አፍሪካውያን አንቀበልም ብለው ከማጣሪያው ወጡ። በዚህ ትግል ውስጥ ከጋናው ኦሄኔ ጃን ጋር የእኛው ሰው ይድነቃቸውም ነበሩ።

ነገሩ የሚያስቀው ምን መሰላችሁ? አፍሪካ ባልተገኘችበት በዚያ ዓለም ዋንጫ በ9 ጎል ኮከብ አግቢ የሆነው ኤውሴቢዮ ነው። የተወለደው በፖርቱጋል ቅኝ ግዛት ሥር በነበረችው ሞዛምቢክ ነው፤ የተጫወተው ለፖርቱጋል። ማለትም አፍሪካ እንደ አህጉር ቦታ አይገባትም ተባለች፣ አፍሪካ ያበቀለችው ልጅ ግን የዓለም ምርጥ አግቢ ሆነ። ዕቃውን ወደዱት፣ ሱቁን ናቁት።

አድማው ፍሬ አፈራ። ከ1970 ጀምሮ አፍሪካ የራሷ አንድ ሙሉ ቦታ አገኘች፣ ሞሮኮ ሄደችበት።

ፕሬዚዳንቱ

በ1964 ዓ.ም. አቶ ይድነቃቸው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ 15 ዓመት ቆዩበት። በመሀል አገራቸው ውስጥ አብዮት ፈንድቷል፣ ንጉሡ ወርደዋል፣ ደርግ መጥቷል፤ እሳቸው ግን ወንበራቸው ላይ ነበሩ። የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ አባልም ነበሩ።

በእሳቸው ዘመን በ1976 እ.ኤ.አ. ደቡብ አፍሪካ ከፊፋ ሙሉ በሙሉ ተባረረች። ካርቱም ላይ የተጀመረው ጉዳይ ከ19 ዓመት በኋላ መልስ አገኘ። በእሳቸው ዘመን የአፍሪካ የዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫ በ1975 ተጀመረ። በ1982 አፍሪካ በዓለም ዋንጫ ሁለት ቦታ አገኘች፣ አልጄሪያና ካሜሩን ሄዱ።

ከሁሉም ግን ለዛሬው ጨዋታችን የሚጠቅመው ሌላ ነው። በ1979 የአፍሪካ ወጣቶች ሻምፒዮና ተጀመረ። ተስፋ ያላቸው ልጆች በአደባባይ፣ በውድድር፣ ከእኩዮቻቸው ጋር የሚታዩበት መድረክ ማለት ነው። በ1985 ደግሞ ቻይና ላይ በተደረገው የመጀመሪያው ከ16 ዓመት በታች የዓለም ውድድር ናይጄሪያ አሸነፈች። ሰው ልጆቹን ሰልፍ አስይዞ በቁመት ከማባረር ሜዳ ሰጥቶ ቢያጫውታቸው ምን እንደሚገኝ ያ ውጤት ይመሰክራል።

የማልስማማበት

እስካሁን ብዙ አመሰገንኩ። አሁን ደግሞ ትንሽ ልከራከር።

ይድነቃቸው አጥብቀው ከተቃወሙት ነገር አንዱ የአፍሪካ ተጫዋቾች ወደ አውሮፓ መፍለስ ነው። ልጆቻችን ገና ለጋ ሳሉ እየተወሰዱ በሄዱ ቁጥር የአገር ውስጥ ክለብ ይዳከማል፣ ተመልካች ይሸሻል፣ አህጉሩ የሌሎች ማሳ ሆኖ ይቀራል ብለው ይሰጉ ነበር። ከ1965 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድ ብሔራዊ ቡድን ለአፍሪካ ዋንጫ ከውጭ ክለብ ማሰለፍ የሚችለው ሁለት ተጫዋች ብቻ ነው የሚል ደንብ ነበር። በ1982 ቀረ።

ሥጋታቸው ይገባኛል። ኢትዮጵያዊ ሆኖ የማይገባው አለ እንዴ? ጥሬ ቡና በርካሽ ሸጠን የተቆላውን በውድ የምንገዛ ሕዝብ ነን። ጥሬ ተጫዋች መሸጥም ያው ነው። ትርፉ ያለው ማቀነባበሪያው ጋ ነው።

ግን ልጅ ቡና አይደለም። ቡና አይራበውም፣ ቡና ቅመም የምትሸጥ እናት የለችውም። ተጫዋች የሚሠራበት ዕድሜ ቢበዛ 15 ዓመት ነው። እግሩ የእሱ ነው። የተሻለ የሚከፍለው ካገኘ አትሂድ የማለት መብት ለማን ነው ያለው? ያ የሁለት ተጫዋች ደንብ አህጉሩን ለመጠበቅ ብሎ የልጁን ኪስ ነበር የሚጎዳው። እዚህ ላይ ሚዛኑ ትንሽ ወደ ድርጅት ያዘነበለ ይመስለኛል።

የሚገርመው፣ ለጥያቄያቸው ግማሽ መልስ የመጣው እሳቸው ካለፉ በኋላ ነው። ከ2001 እ.ኤ.አ. ወዲህ በፊፋ ደንብ አንድ ተጫዋች ውሉ ሳያልቅ ከአገር ወደ አገር በዝውውር ሲሸጥ ከክፍያው 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ድረስ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። ልጁም ይሄዳል፣ ያሳደገውም ያገኛል። ነገር ግን ይሄ የሚሠራው ልጁ በትክክለኛ ዕድሜው ተመዝግቦ፣ የት የት እንደተጫወተ ወረቀት ካለ ነው። ሰፈር ውስጥ ፕሮጀክት ብለን የምንጠራቸው፣ በአንድ አሠልጣኝ ላብና በሁለት ኳስ የሚንቀሳቀሱ ቡድኖች ምዝገባ ከሌላቸው ከዚህ ገንዘብ አምስት ሳንቲም አያዩም። ዕድሜ መቀነስም እንደ ብልጠት የሚቆጠርባቸው ቦታዎች አሉ። ያ ደግሞ ከሚዛን ሥር ድንጋይ እንደማስቀመጥ ነው፤ የጎረቤትን ልጅ ቦታ መስረቅ ነው።

ቡሄ ዕለት

አቶ ይድነቃቸው ያረፉት ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. ነው። ቀኑን ታውቁታላችሁ፤ ቡሄ ነው። በእንቁጣጣሽ የተወለዱ ሰው፣ ልጆች በየደጁ ሆያ ሆዬ በሚሉበት ቀን ሄዱ። 66ኛ ዓመታቸውን ሊይዙ ሳምንታት ብቻ ቀርቷቸው ነበር። ስማቸው ይድነቃቸው ነው፤ ዓለምም፣ አህጉሩም፣ ጠላትም ወዳጅም ተደንቆባቸዋል።

እኛስ? ከ1954 ዓ.ም. በኋላ ዋንጫውን አልደገምነውም። በ1982 እ.ኤ.አ. ሊቢያ ላይ ከተሳተፍን በኋላ ለመመለስ 31 ዓመት ፈጅቶብናል፤ በ2013 ደቡብ አፍሪካ ሄድን። አዎ፣ ያቺው ካርቱም ላይ በቆዳ መርጣ ከውድድር የወጣችው አገር፣ አሁን በሁሉም ቀለም ልጆቿ አስተናገደችን። ይድነቃቸው ይሄን ቢያዩ ብዬ ተመኝቻለሁ።

የምክንያቱ ዝርዝር ብዙ ነው፤ ገንዘብ አለ፣ ሜዳ አለ፣ አስተዳደር አለ። ግን አንዱ ምክንያት የእኛ ሰፈር ልጅ ይመስለኛል። ማልዶ ሄዶ፣ ሰልፍ ይዞ፣ ኳስ ሳይነካ የተመለሰው። ስንት መንግሥቱ፣ ስንት ሉቺያኖ እንዲህ ተመልሶ ዕቃ ሲያወጣና ሲያስገባ እንደቀረ ማን ቆጥሮ ያውቃል? ያልተፈታ ቦንዳ ውስጥ ምን እንደነበር ማንም አይነግርህም።

ወደ ሻይ ቤቱ ልመለስ። ድራፍት ስንል የተቆጡን አባት ወሬውን እስከ መጨረሻው ሰሙን። ከዚያ ሻያቸውን አስቀምጠው በልጅነታቸው የ1954ቱን ፍጻሜ እንደተከታተሉት ነገሩን። መግቢያ አልነበራቸውም። ከስታዲየሙ አጥር ውጪ ቆመው በጩኸቱ ነው ጎሉን የቆጠሩት። አራተኛው ጩኸት ሲመጣ ማን እንዳገባ እንኳ ሳያውቁ ከማያውቁት ሰው ጋር ተቃቀፉ። አጠገባቸው የነበረው ከየት እንደመጣ፣ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ እስከ ዛሬ አያውቁም።

ማታ ወደ ቤት ስገባ ልጁ የእናቱን ዕቃ እያስገባ ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ቦታ ሙከራ አለ አለኝ። በዚህኛው ሁሉንም ያጫውታሉ ይባላል። አብሬው እሄዳለሁ ብዬ ቃል ገብቼለታለሁ። መልማዩ ባይመርጠው ግድ የለም፤ ቢያንስ ኳስ ነክቶ ይመለስ።

እናንተም ሰፈር እንዲህ ያለ ልጅ ካለ ቅዳሜ ጠዋት አብራችሁት ውጡ። ቸር እንሰንብት።